ግሪኒች ያያችሁት የመርከብ ጀርባ የፈረንሳይ ነው

እህቴ፣ ልጅሽን ለንደን፣ ግሪኒች ወዳለው የባሕር ሙዚየም ወስደሻት የተሰቀለውን ትልቅ የመርከብ ጀርባ (የኋላ ጫፍ) አይታ «የማን ናት? ሌላው አካሏስ የት ሄደ?» ብላ እንደጠየቀችሽ ጽፈሻል። እዚያ ሙዚየም ደጋግሜ እሄዳለሁ፤ ይቺን መርከብም እወዳታለሁ። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢምፕላከብል በሚለው ስሟ ስለምትታወቅ ብዙ ሰው የእንግሊዝ ትመስለዋለች። የተሠራችው ግን ፈረንሳይ፣ ሮሽፎር ነው። በ1800 ባሕር ስትወርድ ስሟ ዱጌ-ትሩዋን ነበር። 74 መድፍ ትሸከም ነበር።

ፈረንሳይን ያገለገለችው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ግን ምን ያላየችው አለ? ናፖሊዮን የዛሬዋን ሄይቲ ለመያዝ ባካሄደው ዘመቻ ተሳትፋለች። ይህን ለልጅሽ ሳትነግሪያት እንዳታልፊ። ጦሩ የተላከው ከባርነት በወጡ ጥቁሮች ላይ ነው። በ1803 እንግሊዞች ወደቡን ከበው ሳለ ዱጌ-ትሩዋን አምልጣ አውሮፓ ገባች፤ አብራት የወጣችው ዱኬን ተያዘች። ሄይቲም በጥር 1804 ነጻነቷን አወጀች።

ከዚያ እንግሊዞች የፈረንሳይንና የስፔንን መርከቦች ያሸነፉበት የትራፋልጋር የባሕር ውጊያ መጣ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1805። እሷ በአድሚራል ዱማኗር ጓድ ውስጥ ነበረች። ጓዱ ወደ ውጊያው የዞረው ዘግይቶ ነው፤ አራት መርከቦቹም ከዚያ አመለጡ። ምን ያደርጋል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኖቬምበር 4 ስፔን ጠረፍ፣ ኬፕ ኦርቴጋል አጠገብ የእንግሊዙ የባሕር አዛዥ ስትራሃን ደረሰባቸው። ካፒቴኗ ክሎድ ቱፌ እዚያው ተገደለ። አራቱም ተማረኩ።

ልጅሽ መስኮቶቹን ልብ ብላ እንድታይ አድርጊ። ውብ ናቸው፤ የአለቆቹ ክፍል ከኋላቸው ነበር። ግን የመርከብ ደካማ ጎን ይኸው ነው። ጎኗ ወፍራም እንጨት ነው፤ ጀርባዋ ግን ብርጭቆና ስስ ሳንቃ። ጠላት ከኋላ ከተኮሰ ጥይቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው እየጠረገ ይሄዳል። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ጌጥ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

እንግሊዞች ኢምፕላከብል ብለው ያገለገሉባት ዘመን ረጅም ነው። በ1808 ባልቲክ ላይ ከሩሲያ መርከብ ጋር ተዋጋች፣ በ1840 ሶርያ ጠረፍ ዘመተች፣ ከ1855 ጀምሮ ደግሞ የልጆች ማሠልጠኛ ሆነች።

«ሌላው አካሏስ?» ላለችው፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንጨቷ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፣ መጠገኛ ገንዘብም ጠፋ። ፈረንሳይ ውሰጂ ብትባልም አልወሰደችም። ዲሴምበር 2 ቀን 1949 የሁለቱንም አገር ባንዲራ ሰቅለው ባሕር ላይ በፈንጂ አሰጠሟት። ያውም ቶሎ አልሰጠመችም፤ የታችኛው ክፍሏ ቢፈርስም ላይኛው ለሰዓታት ተንሳፈፈ። የተረፉት ይህ ጀርባዋና አፍንጫዋ ላይ የነበረው የተቀረጸ ምስል ናቸው። 149 ዓመት የኖረች መርከብ ናት፤ እኔ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቁጭቱ ግን ፍሬ አፍርቷል። የሙዚየሙ የዚያን ጊዜ ዳይሬክተር ፍራንክ ካር ይህ እንዳይደገም ብሎ ከቆሙት አንዱ ነበር፤ ካቲ ሳርክ የምትባለው የድሮ ባለ ሸራ መርከብ የተረፈችው በዚያ ጥረት ነው። እሷም ከሙዚየሙ በእግር ቅርብ ናት። ሙዚየሙ በነጻ ነው፣ ካቲ ሳርክ ግን ትኬት አላት። ልጅሽ መድፍ የተደረደረበት ሙሉ የትራፋልጋር መርከብ ማየት ካማራት ፖርትስመዝ ሂዱና ቪክትሪን እዩ።