ኮል ልበል ወይስ ልጣል? የፖከር ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የሚዞሩት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት ላይ በተን (የካርድ አዳዩ ቦታ) ወይም ከእሱ በፊት ያለው ወንበር ሲደርሰን ኮል የምንለው (ሌላው ያስያዘውን ያህል አስይዘን የምንቀጥለው) በቋሚ ዕቅድ ይሁን ወይስ ሰው እያየን?

ጥያቄ፦ በተን ላይ ሁሌም በተመሳሳይ ካርዶች ነው ኮል የምለው። ጓደኛዬ «ሰውዬውን እያየህ ቀይር እንጂ!» ይለኛል። ማን ልክ ነው?

ሰውዬውን የማታውቀው ከሆነ አንተ። ከፍሎፕ (ለሁሉም ከሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርዶች) በኋላ ሁሉም ከወሰነ በኋላ ነው ተራው አንተ ጋ የሚደርሰው፤ ይሄ ጥቅም ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ግን አንድ ዝርዝር አይበቃህም። ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ሬይዝ ያደረገው (ውርርዱን ከፍ ያደረገው) ሰው ከኋላው ስምንት ሰው እየጠበቀው ነው የደፈረው፣ ካንተ በፊት ካጠገብህ ያለው ግን ቀሪው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ምልክታቸው የተለያየ ኤስና ጃክ ይዤ ለመጀመሪያው እጥላለሁ፣ ለሁለተኛው እጫወታለሁ። ይሄ ገና ሰው ማንበብ አይደለም፣ ወንበር መቁጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሪቨር (የመጨረሻው የጋራ ካርድ) ላይ መሃል 1,000 ቺፕ አለ፣ ሰውዬው 500 አስያዘ። የማሸንፈው ብለፍ (ባዶ ካርድ ይዞ ማስፈራራት) ከሆነ ብቻ ነው። ኮል ልበል?

ደስ የሚል ሒሳብ ነው። 500 ከፍለህ 1,500 ልትወስድ ነው፣ ስለዚህ ከአራት አንዴ ካሸነፍክ አትከስርም። ቋሚው ዕቅድ ነገሩን ከሱ ወገን ያየዋል፦ እሱ 1,000 ለመውሰድ 500 አደጋ ላይ ይጥላል፣ አንተ ከሲሶ በላይ ከጣልክለት በባዶ ካርድም ያተርፍብሃል። ስለዚህ እዚህ ይዘሃቸው ከምትደርስ እጆች ሁለት ሦስተኛውን አትጥልም። ሰው እያየ የሚቀይር ተጫዋች ግን እንዲህ አይከፋፍልም። ብለፉ ከ25 በመቶ በታች ነው ካለ እንዲህ ያለውን እጅ በሙሉ ይጥላል፣ በላይ ነው ካለ በሙሉ ኮል ይላል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ 22 እና 28 በመቶ ውሳኔህን ሙሉ በሙሉ ይገለብጡታል፣ ያንን ልዩነት ደግሞ በዓይን የሚለይ ሰው አላየሁም። ግምትህ ከ25 በደንብ ካልራቀ ቋሚው ላይ ቆይ። ሪቨር ላይ ጥሩ ካርድ ሳይዝ ቺፕ የማይነካ ፈሪ ከገጠመህ ግን ያለ ይሉኝታ ጣል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሮቹ የሚያሸንፉት በቋሚ ስልት አይደል? ታዲያ መቀየር ለምን?

ሊብራተስ የተባለው ፖከር የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ፒትስበርግ (አሜሪካ) ላይ አራት ባለሙያዎችን በ120,000 እጅ (ዙር) ሲረታ የሰዎቹን ጠባይ እያጠና አልነበረም፤ ማታ ማታ የደፈነው የራሱን ቀዳዳ ነው። ከባለሙያ ጋር ይሄ ይበቃል። እሁድ ከሰዓት ከጓደኞችህ ጋር ስትጫወት ግን ሁሉንም ነገር ኮል የሚል ሰው እያለ በቋሚው ሙጭጭ ማለት የሚወሰድ ቺፕ ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት እጅ ካየሁ በኋላ ልቀይር?

ቁጥር አልሰጥሽም። በመጨረሻ የተገለጡ ካርዶችን ተከታተይ፣ የፊት ገጽታ እርሺው። ሁለቴ ብለፍ ተደርጎባት «አሁንስ አልጥልም» የምትል ሴት ስልት አልቀየረችም፣ ተናዳለች። (ወንዶቹ ይብሳሉ።)

ጥያቄ፦ በትንሽ ጥንድ፣ ለምሳሌ በሁለት አምስት፣ በተን ላይ ሁሌ ኮል?

አይደለም። ሦስተኛዋ አምስት ፍሎፕ ላይ የምትመጣው 12 በመቶ ገደማ ነው። ሬይዝ ያደረገው ሰው ፊት ያለው ቺፕ ትንሽ ከሆነ ብትመጣም የምትወስደው ነገር የለም፣ ጣላት።