አጭር የኋላ አሞርዛተር፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰሞኑን እዚህ ደሴ «ሞተሬ ከፍ አለብኝ፣ እግሬ መሬት አይደርስም፣ የኋላውን አሞርዛተር በአጭር ብቀይረውስ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ አንዴ ልጨርሰው ብያለሁ። አሞርዛተር ማለት ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ግፊያውን የሚውጠው፣ ሞላ ያለበት ዘንግ ነው። መሐንዲስ አይደለሁም። የሐረጎን ዳገት ስወጣና ስወርድ የከረምኩ፣ ሞተሬን በገዛ እጄ የምፈታ ሰው ነኝ። የማወራው እንደ ቦክሰር ግራና ቀኝ ሁለት አሞርዛተር ስላላቸው ሞተሮች ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው። ስቆም መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነው። አጭር ልግዛ?

አብሽሪ እህቴ። ሁለቱም ተረከዝሽ የግድ መሬት መንካት የለበትም። ስትቆሚ መቀመጫው ላይ ትንሽ ወደ ግራ ሸርተት በይ፣ ግራ እግርሽን አውርጂ፣ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይቆይ። መሬቱ ዘንበል ካለ ደግሞ ግራ እግርሽ ከፍ ያለው በኩል እንዲያርፍ አድርገሽ ቁሚ።

ከዚያ ሞላው ሥር ያለውን ባለ ደረጃ ቀለበት እዪው። ጠንካራው ላይ ተወጥሮ ከሆነ ወደ ልሉ መልሺው፤ ስትቀመጪበት ትንሽ ዝቅ ይልልሻል። አሁንም ካልበቃሽ የመቀመጫውን ስፖንጅ ከፊት በኩል አስቀንሺ፣ ጎንና ጎኑንም አስጠብቢው። ሰፊ መቀመጫ እግር ይበላል። አሞርዛተር የመጨረሻው ነው።

ጥያቄ፦ 2 ሴንቲ አጭር ብገጥም 2 ሴንቲ ነው ዝቅ የሚለው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሞርዛተሩ የሚታሰረው ከጎማው አክስል ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ጎማውን የያዘው ሹካ ከሚዞርበት ቦታ እስከ አሞርዛተሩ 40 ሴንቲ፣ እስከ አክስሉ 50 ሴንቲ ቢሆን፣ የ2 ሴንቲ ልዩነት ጎማው ላይ 2.5 ይሆናል። አሞርዛተሩ ጋደም ያለ ከሆነ ደግሞ ይጨምራል። አንተ ግን የምትቀመጠው ጎማው ላይ ሳይሆን ከፊቱ ነው፤ ስለዚህ መቀመጫው የሚወርደው ከጎማው ባነሰ ነው። ስትገዛ ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ለካ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶ የገዛ ሰው ተመልሶ ሱቅ ይሄዳል።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ የድሮውን ሞላ ባስቆርጠውስ? ርካሽ ነው።

አታድርገው። የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ደግሞ አሞርዛተሩ ላይ ካለው ማረፊያው ይላቀቃል። በእሳት ማሞቅማ ብረቱን ይገድለዋል። ጋዝ ያለበት አሞርዛተር ከሆነ ጭራሽ እሳትም መሰርሰሪያም አታስጠጋው።

ጥያቄ፦ ከገጠምኩ በኋላ ምን ይበላሻል?

ይህን ከራሴ ልንገርህ። አንድ ጊዜ 3 ሴንቲ አጭር ገጠምኩና ዓሣ ልበላ ወደ ሐይቅ ሄድኩ። በጎን መቆሚያው አቆምኩት። መቆሚያው ያው የድሮው ነው፣ ሞተሩ ግን አጥሯል፤ ስለዚህ ዘንበል በማለት ፈንታ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ የዓሣ እሾህ ስለቅም ትንሽ ነፋስ መጣች። ጓ! በቀኝ በኩል ተዘረጋ። መስታወቱ ደቀቀ፣ ቤንዚኑ ሣሩ ላይ ይንጠባጠባል። እዚያው የነበሩት ልጆች ሳቅ አላስቀሩልኝም።

ማታ ስመለስ መብራቱ መንገዱን ትቶ የባሕር ዛፍ ጫፍ ያሳየኛል። ከኋላ ዝቅ ሲል ከፊት ቀና ይላል። በዚሁ ምክንያት መሪውም ኩርባ ላይ ይከብዳል። በማግስቱ መቆሚያውን ብየዳ ቤት አስቆረጥኩ። አንዴ አትቁረጡ፣ በትንሽ በትንሹ። መብራቱንም አወረድኩ። ካቴናውን ሳየው ከበፊቱ ይበልጥ ተወጥሯል፤ እሱንም ሰው አስቀምጬ አላላሁት።

ዋናው ነገር ግን ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ነው። አጭር አሞርዛተር ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ከድሮው እኩል የሚሆን ከሆነ ጎማው ከበፊቱ በላይ አይወጣም፤ የቀነሰብህ የመዋጥ ቦታው ነው፣ ጉድጓድ ላይ ቶሎ ይመታል። ተጨምቆም ከድሮው የሚያጥር ከሆነ ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል። ጎማው ላይ ጠመኔ ቀባና ሰው ከኋላ ጭነህ ቀስ እያልክ ኮብልስቶን ላይ ንዳ። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ፓራፋንጎውን ከሥር እይ። ነጭ መስመር ካየህ አጭሩን አሞርዛተር አውልቀው።

ጥያቄ፦ የፊቱንስ አብሬ ዝቅ ባደርገው?

ሚዛኑ ይሻላል፣ ካስቻለህ። አንዳንዱ የፊት አሞርዛተር በመያዣው ውስጥ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ 1 ሴንቲ ይበቃል። ከላይ በቡሎን የሚታሰረው ግን አይንሸራተትም፣ አትታገለው።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ጋሼ፣ እኔ ጤፍም ሰውም እጭናለሁ።

ተወው ወንድሜ። በዚያ ጭነት ላይ አንተን የሚያስፈልግህ ሞተርህ ከድንጋይ ከፍ ማለቱ ነው።

ጥያቄ፦ ራሴ መግጠም እችላለሁ?

ትችላለህ፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ እስከቀየርክ ድረስ። እኩል ቁመት ቢሆን አንዱን ፈትቶ አንዱን ማሰር ይቻል ነበር፤ አጭሩ ግን ሌላኛው እንደታሰረ ቀዳዳው አይገጥምልህም። በመሃል መቆሚያው አቁመው፣ ሁለቱንም ፍታ፣ ጎማውን ከሥር በእንጨት ከፍ እያደረግክ ግጠም። ቡሎኑ ቦኮላው (በአሞርዛተሩ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ቀለበት) ውስጥ ሳይላወስ መግባት አለበት፤ ከላወሰ ሌላ ፈልግ እንጂ ቆርቆሮ ጠቅልለህ አትሙላው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቃቸው።

የድሮዎቹን ደግሞ ቤት አስቀምጣቸው። እኔ ለቁራሌው ሰጥቼ ከሦስት ወር በኋላ ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ገዛኋቸው።