ካንትን ከራሱ መጽሐፍ ማንበብ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት «የንጹሕ አመክንዮ ሂስ» የጠየቃችሁኝን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ከዋናው መጽሐፍ በፊት ማብራሪያ ላንብብ?

መጀመሪያ መጽሐፉን ያስጻፈውን ጥያቄ ይያዙ። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም፣ አንዱ ነገር ሌላውን ያመጣል ስንል ያየነው መከታተላቸውን እንጂ ግድ መሆኑን አይደለም ብሎ ሞገተ። ካንት ከቀኖናዊ እንቅልፌ፣ ማለትም ሳልመረምር ከመቀበል፣ የቀሰቀሰኝ እሱ ነው ይላል። ከዚያ ካንት ራሱ በ1783 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ፕሮሌጎሜና» የተባለ የዚሁ ሐሳብ ማስተዋወቂያ መጽሐፍ ያንብቡ፤ አጭር ነው። ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ መኖራቸውን ተቀብሎ፣ እንዴት ሊኖሩ እንደቻሉ ወደ ኋላ ይጠይቃል። ማብራሪያ ሲያደናቅፍዎ የሚገልጡት ይሁን። ማጠቃለያ ብቻ ያነበበ ሰው ድምዳሜውን ይዞ ሙግቱን ሳያይ ይቀራል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብሁት፤ አልገባኝም። ድክመቱ የእኔ ነው?

አይደለም። ካንት ለዘመኑ ፈላስፋ ለሞዘስ ሜንደልስዞን በጻፈው ደብዳቤ፣ ቢያንስ 12 ዓመት ያሰበበትን በአራት ወይም በአምስት ወር እንደጻፈው ይናገራል። መጽሐፉ እንዳይረዝም ሲል ምሳሌዎችን እንደተወም በመቅድሙ ገልጿል። ስለዚህ ምሳሌ ያገኙበት ቦታ ላይ ረጋ ይበሉ። ሁለተኛው «አናሎጂ» በተባለው የመጽሐፉ ክፍል ላይ የቤትና የጀልባ ምሳሌዎች አሉ። ቤትን ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች፣ ወይም ከመሠረቱ ወደ ላይ ማየት ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉ በእኛ እጅ ነው። ወንዝ ይዟት የምትወርድን ጀልባ ግን መጀመሪያ ታች፣ ቀጥሎ ላይ ልናያት አንችልም። እንደ ካንት፣ አንድ ነገር በእርግጥ ተከሰተ ማለት የቻልነው ቅደም ተከተሉ በሕግ ስለታሰረ ነው። ለሂዩም የሰጠው መልስ እዚህ ጋ ጎልቶ ይታያል። አንቀጹን ሲጨርሱ በራስዎ አማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ካልተጻፈልዎ ገና አልገባዎትምና ይመለሱበት።

ኅዳጉ ላይ ያሉት «ኤ» እና «ቢ» ምንድን ናቸው?

የ1781 እና የ1787 እትሞች ገጽ ቁጥሮች ናቸው። እንደ ምክንያትና ውጤት ያሉ ጽንሰ ሐሳቦች ለምን በተሞክሯችን ላይ እንደሚሠሩ የሚሞግተውን ምዕራፍ ካንት ለሁለተኛው እትም እንደ አዲስ ጽፎታል። ከሁሉ በላይ የደከመበትም እሱ ነው። ለመጀመሪያ ንባብ የ1787ቱን ብቻ ያንብቡ።

ጀርመንኛ አልችልም።

ግድ የለም። የፖል ጋየርና የአለን ውድ የእንግሊዝኛ ትርጉም (1998) ሁለቱንም እትሞች ይዟል።