ተኩላው ከመምጣቱ በፊት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ ደሴ ከተማ ውስጥ የሚገኝ የአንድ አማተር የቴአትር ክበብ አባል ነኝ። ሌሊት ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው አጭር ቴአትር ለማዘጋጀት ስንነሣ፣ መነሻ ይሆነናል ብለን እ.ኤ.አ. በ1941 የተሠራውን «ዘ ዎልፍ ማን» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ተመለከትን። ጓደኞቼ ተኩላውን ሲያዩ ሳቁ፤ እኔ ግን ዋናው ተዋናይ ሎን ቼኒ ጁኒየር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ፊቱን ጸጉር የሸፈነው ሰው ትወና ይህን ያህል የሚነካን ለምንድን ነው? እኛስ ጭንብሉን መቼ ብናመጣው ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኞችዎ የሳቁበት ተኩላ፣ 70 ደቂቃ ገደማ በሚፈጀው ፊልም ውስጥ በጠቅላላው የሚታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ የሰውየው ነው፤ ትወናውም ያለው እዚያ ነው።

ቼኒ የሚጫወተው ላሪ ታልቦት ወንድሙ በመሞቱ ምክንያት ከ18 ዓመት የአሜሪካ ኑሮ በኋላ ዌልስ ወደሚገኘው የአባቱ ግንብ ይመለሳል። ቼኒ በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች የሚያሳየን ሣቂታ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ጎልማሳ ነው፤ የአባቱን ቴሌስኮፕ እንኳ ራሱ ያበጃል። በኋላ በጫካ ውስጥ አንዲትን ሴት ለማዳን ሲል ተኩላ ገድሎ ይነከሳል፤ ከዚያች ሌሊት ወዲያ ያው ባለሙያ እጅ የገዛ ጠላቱ ይሆንበታል። እኔ ይህን ፊልም በተመለከትሁ ቁጥር ከፊቱ ይልቅ እጆቹን እከተላለሁ። በተለይ የሚወዳት ግዌን አብራው ለመሄድ ስትነሣ፣ ቀጥሎ የሚሞተው ሰው ምልክት የሆነውን ኮከብ በመዳፏ ላይ የሚያይበትን ቅጽበት ደግመው ይመልከቱት፤ ያ ግዙፍ ሰው በቁመቱ ትከሻውን ያህል ከምትደርስ ሴት እንደ ሕፃን ሸሽቶ ይወጣል፤ የሚሸሸው ግን እሷን ሳይሆን ራሱን ነው።

ቼኒ ለዚህ ዓይነቱ ሰው አዲስ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1939፣ ለስላሳ ነገር መዳሰስ የሚወደውንና ጉልበቱን መመጠን ባለመቻሉ የዳሰሰውን ሁሉ የሚገድለውን፣ ሌኒ የተባለውን ሰው «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» በተባለው ፊልም ተጫውቶ ነበር። አባቱ ሎን ቼኒ ደግሞ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን «ባለ ሺህ ፊቱ ሰው» የተባለ ታላቅ ተዋናይ ስለነበረ፣ ልጁ ክሬይተን የሚለውን የልደት ስሙን ትቶ በአባቱ ስም እስከመጠራት ደርሷል። በአባት ጥላ ሥር መቆም ምን እንደሚመስል በሚገባ ያውቀዋልና፣ በቁመት ከእርሱ በጣም በሚያንሰው በክሎድ ሬይንስ በተጫወተው አባት ፊት አንገቱን ሲደፋ የምናየው ነገር ከጽሑፍ የመጣ ብቻ አይመስለኝም።

ቤተ ክርስቲያኑንም ያስታውሱ። ላሪ ዘግይቶ ይገባል፤ ምእመናኑ በየወንበራቸው ሆነው አንድ በአንድ ዞረው ያዩታል፤ እርሱም ከኋላ ጥቂት ቆሞ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ይወጣል። በዚያ ትዕይንት አንዲትም የተኩላ ጸጉር የለችም።

ስለ ሜካፑ በአጭሩ ልመልስ። ጃክ ፒርስ የተባለው ባለሙያ ያክ የተባለውን ጸጉራም የእስያ ከብት ጸጉር ጥቂት በጥቂት እያጣበቀ ለሰዓታት ይሠራው ነበር። በዚህ ፊልም የመጀመሪያው መለወጥ ሲመጣ ካሜራው የሚያሳየን እግሩን ብቻ ነው፤ ፊቱ ሲለወጥ የምናየው መጨረሻ ላይ፣ አባቱ በብር እጀታ ባለው ምርኩዝ ደብድቦ ከገደለው በኋላ፣ ከአውሬነት ወደ ልጅነት ሲመለስ ነው። ያንን ምርኩዝ ይዞ እንዲወጣ አባቱን የለመነውም ራሱ ላሪ ነበር፤ ወንበር ላይ ታስሮ ሲለምን ድምፁ የሚሰበርበትን ቦታ ክበባችሁ አብራችሁ ብትሰሙት እወዳለሁ።

አንድ አደራ አለኝ። በእኛ አገር ጅብ ይሆናል እየተባለ ሲታማ የኖረው በአመዛኙ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ነው፤ «ቡዳ» በሚለው ስም ስንቱ ከጎረቤቱ ተገልሏል። የፊልሙ ጸሐፊ ከርት ሲዮድማክ ከናዚዎች ጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ ነበር፤ ላሪን የነከሰው ተኩላ ጂፕሲ እየተባሉ ከሚጠሩት ከሮማ ሕዝቦች አንዱ ነው፤ ጸሐፊው ግን መከራው በእነርሱ ላይ ብቻ እንዲቀር አላደረገም፤ በግንቡ ወራሽ ላይ እንዲወርድ አደረገ እንጂ። እናንተም ታሪኩን በሸክላ ሠሪ ቤት አትጀምሩት፤ ማንም በማይጠረጥረው፣ በተከበረ ቤት ጀምሩት።

ጭንብሉን በተቻለ መጠን አዘግዩት። የእናንተ ሰው በመጀመሪያው ትዕይንት ከመንገድ የገባችውን እናቱን እግር በለብ ያለ ውሃ ሲያጥብ ይታይ። በሌላ ምሽት እናቲቱ ጣሳውንና ሳፋውን አቅርባ ስትጠብቀው፣ እጆቹን ከኋላው ደብቆ በሩ አጠገብ ይቁም። ጭንብሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።