ልጄን የውድድር ውዝዋዜ ቡድን ለማስገባት የተሰጠኝን ውል ልፈርም?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የ11 ዓመት ልጄ በልጆች የውዝዋዜ ውድድር ላይ ለሚሳተፍ ቡድን ተመርጣለች። የተሰጠኝ ባለ ሁለት ገጽ ውል ልጅቷ ከአንድ ዓመት በፊት ካቋረጠች 30,000 ብር ቅጣት እንድከፍል፣ ቡድኑ ምስሏን ያለ ገደብ እንዲጠቀምበትና ለሚደርስባት ማንኛውም ጉዳት እንዳይጠየቅ ይላል። ከአባቷ ጋር ተፋተናል፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ብቻዬን ብፈርም ችግር አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ በመመረጧ ደስ ብሎናል፤ ሆኖም ውሉ አሁን ባለበት ሁኔታ እንዲፈርሙት አንመክርም።

በመጀመሪያ ፈራሚው ማን እንደሆነ እንመልከት። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው ይላል፤ ልጁን የሚያሳድገው አሳዳሪ ሲሆን በሕጋዊ ተግባራት የሚወክለው ደግሞ ሞግዚት ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ነገር ግን ልጅ «ከእናቷ ጋር ትኑር» የሚል ውሳኔ ብቻውን በስሟ የመዋዋል ሥልጣን አይሰጥም። ስለዚህ የፍቺ ውሳኔዎን ግልባጭ አውጥተው ሞግዚትነቱ ለማን እንደተሰጠ ያንብቡ። ለሁለታችሁም ከሆነ ወይም ውሳኔው ስለዚህ ዝም ካለ፣ አባቷም አብረው ቢፈርሙ በኋላ ከሚነሳ ክርክር ይድናሉ።

እኛን በጣም ያሳሰበን የ30,000 ብሩ ቅጣት ነው። ብዙ ወላጆች «ከበዛ ዳኛው ይቀንስልኛል» ብለው ይፈርማሉ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን እንደዚያ አይልም። በቁጥር 1892 መሠረት «ገደብ» ተብሎ (ማለትም ውል ላላከበረ ቅጣት እንዲሆን) በውል የተወሰነ ገንዘብ ምንም ጉዳት ባይደርስም እንኳ ሊጠየቅ ይችላል፤ በቁጥር 1893 ደግሞ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው የሚችለው ውሉ በከፊል ተፈጽሞ እንደሆነ ነው። ልጅቷ በሦስተኛው ወር ቁርጭምጭሚቷ ቢወለም ወይም ለፈተና ጥናት ጊዜ ብታጣ ይህ ገንዘብ ደጅዎ ላይ ሊመጣ ይችላል። የአንድ ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በነጻ መውጣት እንዲቻል፣ በሕመምና በትምህርት ምክንያት ለሚደረግ መቋረጥም ቅጣት እንዳይኖር ያስጽፉ።

ምስሏን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ተወዛዋዦችን በክዋኔያቸው ላይ ባለመብት ያደርጋል። «ያለ ገደብ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ አሳልፎ መስጠት ነውና ይሰረዝ። ለውድድሩ ቀረጻና ለቡድኑ ገጽ መፍቀድ ይበቃል፤ ለማስታወቂያ ከተፈለገ በየጊዜው አዲስ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅ፣ ከቡድኑ ስትወጣም የቲክቶክና የዩቲዩብ ቪዲዮዎቿ በጥያቄዎ ይነሱ። የሽልማት ገንዘብ ካለም ድርሻዋ የራሷ ሀብት ስለሆነ እንዴት እንደሚከፈል በቁጥር ይገለጽ።

«ለማንኛውም ጉዳት አንጠየቅም» የሚለው አንቀጽ ሊያስፈራዎ አይገባም። ማንም ሰው በራሱ ጥፋት ከሚመጣ ኃላፊነት አስቀድሞ ራሱን ነጻ ማድረግ አይችልም። ማንም ሳያጠፋ አዳልጧት ብትወድቅ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አሠልጣኙ እግሯ እያበጠ «ቀጥይ» ቢላት ግን ፊርማዎ ተጠያቂነቱን አያስቀርለትም።

ሌላም አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ቡድኑ ከውድድር ውጭ በሰርግና በሆቴል ዝግጅት እየተከፈለው ይሠራል? ልጆቹ በደመወዝ የሚሠሩ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይጠብቃቸዋል። ልጅዎ በምሽት ዝግጅቶች እንደማትሰለፍ በውሉ ይጻፍ።

ቡድኑ ማስተካከያዎቹን በቃል ቢቀበል አይብቃዎት። በውሉ ላይ ተጽፈው፣ በእያንዳንዱ ገጽ ተፈርመው፣ አንድ ቅጂ በእጅዎ ይቅር። ልምምድ አዳራሹ በር ላይ ቆመው እንዲፈርሙ ቢጠየቁም ውሉን ቤት ወስደው ለማንበብ ሁለት ቀን ይጠይቁ፤ ይህን የሚከለክል ቡድን ካጋጠመዎ ግን ሌላ ቡድን ይፈልጉላት።