መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓት ይያዙ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በዋና ዋና መንገዶች ያሉት አሮጌ መብራቶች በኤልኢዲ እየተተኩ ነው። ውስጥ ለውስጥ የቀሩትን ፎቶ እያነሳሁ መመዝገብ ጀምሬያለሁ። ከታች ቆሜ በሜርኩሪ ትነት የሚበራውን መብራት በሶዲየም ትነት ከሚበራው፣ ሶዲየሙን ከኤልኢዲው በምን ልለይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቀለሙ ነው፤ ሶዲየም ብርቱካናማ ወርቃማ፣ ሜርኩሪ ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ ብርሃን አለው። ነገር ግን ሞቅ ያለ ቢጫ የሚሰጥ ኤልኢዲም ስላለ በቀለም ብቻ አይመኑ። የሚሻለው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማየት ነው፤ ለዚህ ደግሞ እኛ ዘንድ ዕድል አይታጣም።

መብራት እንደተመለሰ ሰዓትዎን ይያዙ። ኤልኢዲው ወዲያው ቦግ ይላል። ሶዲየሙ አንድ ደቂቃ ያህል ጨልሞ ይቆይና ደብዘዝ ብሎ ጀምሮ ቀስ እያለ ይደምቃል። ሜርኩሪው የሁሉም መጨረሻ ነው፤ አምስት ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። የጋለ አምፖል ውስጥ ያለው ትነት ግፊቱ ስለሚያይል የመስመሩ 220 ቮልት ብቻውን አያስነሳውም፤ እስኪበርድ ይጠበቃል። ሶዲየሙ የሚቀድመው ኢግናይተሩ (ማስነሻ መሣሪያው) በሺዎች ቮልት የሚቆጠር ምት ስለሚሰጠው ነው። ይህ ፈተና የሚሠራው ግን መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ወዲያው ከተመለሰ ነው። ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ ከቆየ አምፖሎቹ በርደው ስለሚጠብቁ ሁሉም ወዲያው ይነሳሉ፤ ሶዲየሙና ሜርኩሪው ግን ያኔም ቀስ እያሉ ነው የሚደምቁት።

አረጃጀታቸውም ይለያያል። ያረጀ ሶዲየም ይበራል፣ ይጠፋል፣ በርዶ ደግሞ ይበራል። ባላስቱ (የአምፖሉን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ) ከሚችለው በላይ ቮልቴጅ መጠየቅ ስለጀመረ ነው እንጂ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ገመዱ ስለላላ አይደለም። ሜርኩሪ ግን በቀላሉ አይጠፋም፤ ዓመት በዓመት እየደበዘዘ፣ ከሥሩ ያለውን ግድግዳ ብቻ አረንጓዴ እያስመሰለ ይኖራል።

አሮጌ ሲዲ ካለዎት ይዘው ይውጡ። የሚያብረቀርቀውን ገጽ አዘንብለው የመብራቱን ነጸብራቅ ይያዙበት። ኤልኢዲ ቀለሞቹ የተያያዙ ቀስተ ደመና ያሳያል፤ ሜርኩሪ ደግሞ በመሃላቸው ጨለማ ያለባቸው የተነጣጠሉ የሐምራዊ፣ የአረንጓዴና የቢጫ ነጠብጣቦች። በአሮጌ የመብራት ሽፋን ውስጥ የተገጠመ አዲስ ኤልኢዲ አምፖልም በዚህ ይጋለጣል።

የምሰሶውን ቁጥርና ቀኑን ከፎቶው ጋር ይጻፉ። ከምሰሶው ሥር ያለችውን ትንሽ በር ግን አይንኩ፤ ክፍት ሆና ብትገኝም ውስጧ ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ ይኖረዋል።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ እዚህ ሰፈር ፋኖስ የሚመስሉ መብራቶች አሉ። እውነተኛ የጋዝ መብራት መሆናቸውን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ለንደን ውስጥ በጋዝ የሚሠሩ መብራቶች አሁንም አሉ፤ ኮቨንት ጋርደንና ሴንት ጄምስ ፓርክ አካባቢ ቢሄዱ አያጡም። በመስታወቱ ውስጥ ይመልከቱ፦ ተሰብስበው የተንጠለጠሉ ትንንሽ ነጭ ከረጢቶች ካሉ ጋዝ ነው። ከረጢቶቹ ማንትል ይባላሉ፤ በ1885 ኦስትሪያዊው ካርል አወር የፈጠራ መብት ያወጣባቸው ናቸው። ነበልባሉ ሲያግላቸው ደማቁን ብርሃን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ከፋኖሱ ሥር ያለው አግድም ብረት የመሰላል መደገፊያ ነው፤ ወደ ኤሌክትሪክ በተቀየሩትም ላይ ስለሚቀር ማስረጃ አይሆንም።

ካርቲንግ ሌን ላይ፣ ሳቮይ ሆቴል አጠገብ፣ በፍሳሽ ጋዝ ይሠራል የሚባል አንድ አለ። ወሬው ተጋንኗል። የሚነደው በመደበኛው የከተማ ጋዝ ነው፤ ሙቀቱ የፍሳሽ ቱቦውን ጋዝ ወደ ላይ ስቦ አብሮ ያቃጥለዋል። በመኪና ተገጭቶ የታደሰ በመሆኑም የሚያዩት ሁሉ የድሮ አይደለም።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ሰፈራችን ያለው ባለ ነጭ ጉልላት ምሰሶ የድሮ ነው?

መልስ፦ ግሎብ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የነደፈው በ1912 ከታይታኒክ ጋር የሰጠመው ሠዓሊ ፍራንሲስ ሚሌት ነው። ቅርጹ እስካሁን ስለሚመረት በመልኩ ብቻ ዕድሜውን አይገምቱ። ማግኔት ያስጠጉበት፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ የድሮው የብረት ምሰሶ አይደለም ማለት ነው። ከያዘ ማታ የእጅ ባትሪ በጎን ያብሩበት፦ በቀለም ንብርብር የተደፈኑ ፊደላትና ጠርዛቸው የጠፋ ቦዮች በጥላቸው ይወጣሉ፤ እንዲህ ዓይነት ወፍራም ቀለም በአንድ ቀን አይከመርም። ጉልላቱ ውስጥ የሚበራው ግን ኤልኢዲ ሊሆን ይችላል፤ ምሰሶውንና አምፖሉን ለየብቻ ይመዝግቡ።