መልስ፦ ምጣድ ስሰካ ሶኬቱ ይሞቃል፣ ያሰጋል?

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የተከራየኸው ቤት ሶኬት ምጣድ ሲሰካበት ይሞቃል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል ላልከው፦ አዎ ያሰጋል፣ ከዛሬ ጀምሮ አትጠቀምበት። ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው፣ እና ሽቦው ቀጭን ከሆነ ወይም ሶኬቱ ውስጥ ብሎኑ ከላላ እዚያው እየጋለ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ብሬከሩ አልወረደም ብለህ አትዘናጋ፤ የላላ ብሎን ብዙ ጊዜ አምፔሩን ስለማይጨምር ብሬከሩ አያውቀውም። የድሬ ሙቀት ደግሞ ቆርቆሮ ስር ያለውን አሮጌ ሽቦ ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል። ሽቦ የሚቀረጥፍ አይጥ ካለማ አለቀ! በናስትሮ መጠቅለሉን ተወው። ዋናውን ብሬከር አጥፍተህ ኤሌክትሪሺያን ጥራ፣ ለምጣዱ ብቻ የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም መስመር ይዘርጋልህ፤ ወጪውን ከአከራይህ ጋር ተነጋገሩ። እሳት ከተነሳ ውሃ እንዳትደፋበት፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ቆጣሪው ጋ አጥፋው።